መዥገር ያስጾመው በሬ መራጭ

ሥጋ የሚወድ ሰው ሁሉ ትንሽ ሌባ ነው! አይ... አትቆጡ፣ ራሴንም ጨምሬ ነው። ካላመናችሁኝ የፋሲካ ለት ቅርጫ ላይ ተገኙና የሰዉን ዓይን ተመልከቱ። አፉ «ዋናው በረከቱ ነው፣ የደረሰኝ ይድረሰኝ» ይላል፤ ዓይኑ ግን ሻኛዋ ወደየትኛው መደብ እንደምትሄድ እግር በእግር ይከተላታል። እኛ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ባለው ቅርጫችን ሥጋውን የሚከፋፍለው ደረጀ ነበር፣ የሰብሳቢያችን የጋሽ ንጉሤ የልጅ ባል። ዕጣው በደንብ ይጣላል፤ አንዱ ቁልፉን፣ አንዱ ሳንቲሙን፣ አንዱ እንጨቱን ይሰጣል፤ ጣዩም ፊቱን ያዞራል። ግን በየዓመቱ የደረጀ ቁልፍ ሻኛው ወፈር ያለበት መደብ ላይ ታርፋለች። እንዴት እንደሆነ አንድዬ ይወቀው! ጋሽ ንጉሤም የልጃቸውን ባል በሰው ፊት መናገር እየከበዳቸው፣ በየፋሲካው ጥርሳቸውን ሲያፋጩ እኔ ሰምቻለሁ።

የእኔ ሥራ ሌላ ነው። እኔ በሬ መራጭ ነኝ። ደመወዝ የምበላበት መሥሪያ ቤትማ ስሜን እንኳ በቅጡ የሚያውቀው የለም፤ ሆጤ ላይ ግን «መራጭ» ሲሉኝ ልጅ አዋቂው ከመቀመጫው ይነሳል። በዚህ ዓለም ያለኝ ሹመት ይቺው ናት፣ እና እሷን ከማጣ ጥርሴን ባጣ ይሻለኛል።

ሹመቷ ታዲያ አንድ ሕግ አላት። ከእኔ በፊት የነበረው መራጭ ከነጋዴ ጋር ተሞዳሙዶ የታመመ በሬ አምጥቶ ነበር አሉ። የእርዱ ለት «ዛሬ ሆዴን አሞኛል» ብሎ አንዲት ቁራጭ ሳይቀምስ ወደ ቤቱ ሄደ። የቀረው ሰው ያን ፋሲካ እንዴት እንዳሳለፈው አልነግራችሁም፣ ምናልባት ምግብ ላይ ሆናችሁ እያነበባችሁ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ መራጩ በሁሉም ፊት ጥሬ ጉበት ካልቀመሰና ካልዋጠ ማንም እጁን አይዘረጋም። እኔ እንደሆንኩ «ቅመስ» ተብዬ እምቢ የምል ሰው አይደለሁም፤ ሕጓን በጣም ነበር የምወዳት!

አመራረጤንም ስሙኝ። ሌላው መራጭ ራቅ ብሎ ቆሞ አገጩን እያሻሸ «እም...» ይላል። እኔ ሐረጎን ወርጄ፣ ኮምቦልቻን አልፌ ሐርቡ ገበያ ስደርስ በሬውን አቅፈዋለሁ። ጭራውን አነሳለሁ፣ ብብቱን እዳስሳለሁ፣ ሆዱ ሥር ገብቼ ሽንጡን በትከሻዬ እመዝናለሁ። ሰይድ፣ የከብት ነጋዴው ወዳጄ፣ ሁልጊዜ ያሾፍብኛል፦ «ወላሂ፣ አንተስ በሬውን ልትገዛው ሳይሆን ልታገባው ነው የመጣኸው።» ይሳቅ! ከዚያ ፍቅር ግን ይዤው የምመለሰው በሬ ብቻ አልነበረም። መዥገሩም አብሮኝ ነው የሚመጣው። ባለቤቴ ዘነቡ በር ላይ አስቁማ፣ ሸሚዜን አስወልቃ፣ ከወገቤና ከብብቴ ስትለቅም ታመሻለች። እከኩ ሳምንታት ይቆያል፤ እኔ ግን እንደ ጀብዱ ምልክት ነበር የማየው።

አስምም አለብኝ፣ እሱ የቆየ ነው። በአፌ የምነፋው መድኃኒት፣ ፓፉ፣ ከኪሴ አይለይም። «የደሴ ብርድ ነው» እያልኩ ነው የኖርኩት፤ ደሴ ላይ ለሁሉም ነገር ብርዱን ማማት ይቻላል።

ጉዱ የፈላው አምና በፋሲካ ነው። ጠዋት ጉበቱን ቀመስኩ፣ ጥሬውን በላሁ፣ ጥብሱን ደገምኩ፣ ሰላም ነኝ። ከሰዓት በኋላ ዘመድ ለመጠየቅ ስነሳ መዳፌን በላኝ። «ገንዘብ ልታገኝ ነው» አለችኝ ዘነቡ። ቀጥሎ ጀርባዬን፣ ቀጥሎ ሆዴን፣ ቀጥሎ መናገር የማይቻልበትን ቦታ በላኝ... ገንዘቡ ብዙ ነው ማለት ነው! ገላዬ በሙሉ ቀይ ሆኖ ተነፋፋ፣ ከንፈሬ አብጦ ለራሴ ሌላ ሰው መሰልኩ። ዘነቡ መጀመሪያ ሳማ ነክቶህ ነው አለች፣ ቀጥላ ዓይን ነው አለች። ደግነቱ እያደር ለቀቀኝ።

የሐዋርያት ጾም ገባ፣ ድንቅ ጤና! ጾሙ ሲፈታ በላሁ፣ ያው ማከክ። ረቡዕና ዓርብ ቆንጆ ነኝ፣ ቅዳሜ እንደ ዕብድ አካለሁ። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ደስ አላቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ብትፈታህም ሥጋህ አልፈታ ያለ ብርቱ ጿሚ ነህ ብለው ባረኩኝ። በበኩሌ ያን ያህል ጽድቅ አልጠየቅኩም ነበር።

በመጨረሻ ዘነቡ ጎትታ ኮምቦልቻ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። አሁን ምን በላህ ብላ አልጠየቀችኝም፣ ከማከኩ ከብዙ ሰዓት በፊት ምን እንደበላሁ ነው የጠየቀችኝ። ቀጥላ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ መዥገር ነክሶዎት ያውቃል?» አለችኝ።

«እንዴታ! ማንን መሰልኩሽ?» አልኳት በኩራት።

ደሜን ወስዳ አዲስ አበባ ላከችው። ውጤቱ ሲመጣ አስቀምጣ አስረዳችኝ። መዥገሩ ሲነክስ፣ በበሬና በበግ በፍየልም ሥጋ ውስጥ ያለች አንዲት የስኳር ዓይነት ሰውነቴ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። ሰውነቴም ያቺን ነገር እንደ ዘበኛ የሚጠባበቅ አንቲቦዲ ይሠራል። አሁን ሥጋ ስበላ ዘበኛው መዥገሩ የመጣ መስሎት ጦርነት ይከፍታል። ሥጋው ተፈጭቶ ደም ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ስለሚወስድ ነው ጠዋት በልቼ ከሰዓት የማከው። ዶሮና ዓሣ ግድ የለም፤ ቅቤውንም ወተቱንም ግን ተጠንቀቅ ተባልኩ። እኔ የሐርቡን በሬ ሁሉ አቅፌ፣ በሬው በዘበኛ አስከለከለኝ! ለመቅመስ ያህልስ ብዬ ብለምናት፣ ፈገግታዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ በሚቀጥለው ጉሮሮዬ ሊዘጋ እንደሚችል፣ ይህ የቀልድ ነገር እንዳልሆነ ነገረችኝ።

ወዲያው ግን አንድ ብልሃት ብልጭ አለልኝ። አስሜም የመዥገሩ ሥራ መሆን አለበት! ሥጋውን ስተው አስሙም አብሮ ይሄድልኛል፣ ፓፉን እወረውራለሁ። በአንድ ከልካይ ሁለት በሽታ! ይህንኑ በደስታ ብነግራት ራሷን ነቀነቀች። አስሙ ለብቻው ነው አለች። የመዥገሩ አንቲቦዲ በገጠር የስንቱ ሰው ደም ውስጥ አለ፤ ብዙዎቹ ሥጋቸውን ይበላሉ፣ እንደ ልባቸውም ይተነፍሳሉ። እንደ እኔ ያለውን አስም ብዙውን ጊዜ የሚቀሰቅሰው በአፍንጫ የሚገባው ነው፣ አቧራው፣ አሮጌ መኝታ ውስጥ የሚራባው በዓይን የማይታይ ነፍሳት። «ለመሆኑ ፍራሽዎ ምንድን ነው?»

አጠገቤ የተቀመጠችው ዘነቡ ከወንበሯ ተነሳች። «የጥጥ ነው ልጄ። ከሠርጋችን ጀምሮ። እንጣለው ስለው የደሴ ብርድ ነው ይለኛል!»

ያቺን ፍራሽ እወዳታለሁ። የሰውነቴን ቅርጽ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ለካስ እኔ ሌሊት ሌሊት ጠላቴን አቅፌ፣ ቀን ቀን ደግሞ ጠላቴን ተሸካሚ በሬ አቅፌ ነው የኖርኩት! ስንወጣ ሐኪሟን ለብቻዋ ነጠል አድርጌ ለመንኳት፤ ሰው ቢጠይቅሽ ሥጋ የከለከለው አስሙ ነው በይልኝ፣ አስም የተከበረ በሽታ ነው፣ በሬ መራጭ በመዥገር ተሸነፈ ከተባለ ግን ሆጤ ላይ አልቆምም። እሷ ግን አስም ሥጋ አይከለክልም፣ አልዋሽልዎትም አለችኝ። ዘነቡን መንገድ ላይ አፏን እንድትይዝ አስማልኳት። «አብሽር» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን ስለ ፍራሽ ነበር የሚያስበው።

የዘንድሮው ፋሲካ ደረሰ። ሐርቡ ወረድኩ፣ ሱሪዬን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ፣ እጅጌዬን በክር አስሬ፣ ከበሬው ክንድ ያህል ርቄ። ሰይድ አይቶኝ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ተፋታችሁ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። እንደዚያም ሆኖ ዓይኔ አልከዳኝም፣ ወደል በሬ ገዛሁ።

የፋሲካ ለት ጠዋት ጋሽ ንጉሤ ግቢ ተሰበሰብን። በሬው ታረደ፣ ተገፈፈ። ጋሽ ንጉሤ ከጉበቱ ቆረጥ አድርገው ሚጥሚጣ ነክተው ዘረጉልኝ። «እንካ መራጭ» አሉኝ። ሰዉ ሁሉ ጉሮሮዬን እያየ ነው። ፓፌን አወጣሁ፣ ነፋሁ፣ ያላመመኝንም ሳል ሳልኩ። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ አስሜ ስለባሰ ሐኪም ሥጋ እንደከለከለኝ ተናገርኩ።

ጋሽ ንጉሤ እጃቸውን አላጠፉም። «አስም? እናቴ አስሟን ይዛ ጥሬ ሥጋ እየበላች ነው የኖረችው። አስም ሥጋ ይከለክላል ያለህ የት አገር ሐኪም ነው?»

አያችሁ? ሳይማሩ ሐኪሟ ያለችውን ቁጭ!

ደረጀ ቢላዋውን እየሳለ፣ የፊተኛውም መራጭ ሆዴን አሞኛል ነበር ያለው አለ። ሰዉ ከበሬው አንድ እርምጃ ሲሸሽ በዓይኔ አየሁ። እስከ ከሰዓት አያሳክከኝም፣ እስከዚያ ስሜ ይተርፋል ብዬ አሰብኩ... የሐኪሟ ነገርም ትዝ አለኝ፣ ጉሮሮዬም ትዝ አለችኝ... ኩራት ግን ክፉ ነገር ነው፣ ጉበቱን ተቀብዬ ወደ አፌ አስጠጋሁ።

«አስቀምጠው!»

ዘነቡ ናት። ለሰዉ የምታቀርባቸውን ሰሃኖች እንደያዘች መሃል ገባች። «ጋሼ፣ ይህ ሰውዬ ሥጋ ከበላ ይሞትብኛል። የእናንተን በሬ ሲያቅፍ መዥገር ነክሶት ነው። አስሙ ሌላ ነው፣ እሱ የፍራሹ ነው።» ሁሉንም ዘረገፈችው፣ ስኳሩንም ዘበኛውንም ካልሲውንም፣ የማከውን ቦታ ጭምር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ደረጀ አልተዋጠለትም። በሬው ደህና ከሆነ፣ እሱ ባይበላም መደቡ ቤቱ ይገባ የለም ወይ፣ አለ።

«አይገባም» አለች ዘነቡ። «ድርሻችንን ለጎረቤት ሸጬ የስፖንጅ ፍራሽ ገዝቻለሁ። ዘንድሮ የእኛ ሥጋ አልጋ ላይ ነው ያለው።»

ጋሽ ንጉሤ ጉበቱን ከእጄ ወሰዱ። ሕጉ ፈረሰ፣ እኔም አበቃልኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «ስንት ዘመን ቀምሰህልናል፤ ዘንድሮ እኔ ልቅመስልህ» አሉና ጎረሱት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እሳቸው ግን እያኘኩ ያስቡ ነበር። የማይበላ ሰው፣ ድርሻ የሌለው ሰው፣ ዕጣ የማይጥል ሰው... ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ባል ዞሩ። «ደረጀ፣ ቢላዋውን ስጠው።»

እንዲህ ሆኜ መራጭም ከፋፋይም ሆንኩ። ሻኛውን እኩል፣ ጎድኑን እኩል፣ ታላቁን እኩል አደረግኩት። መደቦቹ ሁሉ እኩል ሆነው አንድም ሰው አልተደሰተም፤ ግን የሚከሱኝበት አላገኙም።

ከሰዓት በዘይት የተሠራ የዶሮ ወጤን በልቼ፣ ሳላክ፣ አዲሱ ፍራሽ ላይ ጋደም አልኩ። ትንፋሼ ቀለል ብሎኛል፤ ፓፉ ግን ኪሴ ውስጥ ነው፣ ሐኪሟ እንዳልጥለው ነግራኛለች። ጋሽ ንጉሤ እንኳን አደረሰህ ሊሉኝ መጡ። ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን ጫን አድርገው አዩት፣ በሩን አዩት፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አንተም ሰው ነህ፣ አንድ ቀን ትደክማለህ። ተተኪ ያስፈልገናል። በሚቀጥለው ሐርቡ ስትወርድ ደረጀን ይዘኸው ውረድ፣ እሱም በሬውን ይቀፈው።»

እሺ አልኳቸው። ተነስተው ከወጡ በኋላ ከበሩ ተመለሱ።

«ካልሲ ግን እንዳያደርግ።»