እትዬ ጭልፋ «ኤ ሊትል»ን ድል የነሡበት ዘመቻ

ሊፍቱ ተበላሽቶ በቆመ በሦስተኛው ዓመት፣ ባለ ሁለት ስልኩ ሥራ አስኪያጅ በሆቴላችን ላይ በነገሡበት ዘመን፣ ድስት ገዥዋ፣ እሳት አዛዥዋ እትዬ ጭልፋ የወጥ ቤቱን ዙፋን ይዘው ሳሉ የሆነውን ዜና፣ እኔ ሳህን አጣቢው በዓይኔ በብረቱ እንዳየሁት እጽፋለሁ፤ የሚጠራጠር ቢኖር መጥቶ ሳህኖቹን ይጠይቅ።

ወእምዝ ከባሕር ማዶ፣ እንደ መጥረጊያ እንጨት የቀጠነ እንግዳ መጣ፤ ምግባችን ከተስማማው ሠላሳ ባልደረቦቹን ሊያስከትል፣ ካልተስማማው ሻንጣውን ጎትቶ ወደ ጎረቤት ሆቴል ሊሻገር። በመጀመሪያው ቀን ድንች «ኤ ፊው» ብሎ አዘዘ። የማታ የእንግሊዝኛ ኮርስ የጨረሰው አስተናጋጃችንም ቃሉን መርምሮ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ኤ ካፕል ሁለት ነው፣ ኤ ፊው ሦስት፣ ሰቨራል ከአምስት በላይ፤ ከዚያ ያለፈው ጥጋብ ነው!» ሦስት ድንችም በሰፊው ሳህን ላይ ተኮራርፈው እንደተቀመጡ ወጡ። እንግዳው በላ፣ ፈገግ አለ፣ አመሰገነ፤ ቆየት ብሎ ግን ከበሩ ማዶ ካለው ኪዮስክ ብስኩት ሲገዛ በዘበኛው ታየ። ወዮ ለእኛ!

ሥራ አስኪያጁም ወጥ ቤት ድረስ ወርደው፣ ከነገሡ ጀምሮ ባልታየ ሁኔታ ሁለቱንም ስልኮች ዘግተው አዋጅ አስነገሩ፦ «ይህ ሰውዬ ዳግመኛ ብስኩት ሲገዛ ቢታይ፣ እትዬ፣ ሽርጥዎን ፈትተው ይሂዱ!» እትዬ ጭልፋ ልጆቻቸውን ያሳደጉበትን ሽርጥ ቋጠሮ አጠበቁት።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ትእዛዝ ወረደ፤ ሾርባ፣ «ኤ ሊትል»። አስተናጋጁ ላቡን ጠርጎ ሁለተኛ አዋጁን አሰማ፦ «ሾርባ አይቆጠርም! ለማይቆጠር ነገር ትንሽ ሲፈለግ ኤ ሊትል ይባላል፤ የሳህኑን ቂጥ ብቻ አርጥቡለት!» ይህን ጊዜ እትዬ ጭልፋ እንደ ድስታቸው ገነፈሉ፤ አዋጃቸውም ይህ ነበር፦ «ዕድሜ ልኬን በጭልፋ ስቆጥረው የኖርኩትን ሾርባ፣ አንተ ልጅ፣ አይቆጠርም ትለኛለህ? ወግድልኝ! እኔው ራሴ እወጣለሁ!»

ወተንሥአት በኃይል! ድስቱን አቅፈው፣ ጭልፋውን በሽርጣቸው ሻጥ አድርገው፣ ሊፍቱን ረግመው ወደ ምግብ አዳራሹ ደረጃውን ወጡ። የተከተልናቸውም አስተናጋጁ ከነዳቦ ቅርጫቱ፣ ዘበኛው በሩን ጥሎ፣ ልብስ አጣቢዋ አንሶላ እንደተሸከመች፣ እኔም እጄ አረፋ በአረፋ እንደሆነ ነበርን።

እንግዳው ሠራዊቱን አይቶ ክው አለ። እትዬ አንድ ጭልፋ ቀዱለት፤ «ኤ ሊትል» አለ። ደገሙለት፤ «ኤ ሊትል» አለ፣ ጆሮው ቀላ። አስተናጋጁ በቃ ሊል ከንፈሩን አላቀቀ፤ እትዬ ግን አፉን ትተው እጁን አዩ። እጁ ሳህኑን ቀስ እያደረገ ወደ ድስቱ ያስጠጋ ነበር! ወዲያው አዳራሹን ያናወጠ አዋጅ አወጁ፦ «ይሉኝታ ነው እንዴ! እኛስ ሰው ቤት ሄደን ‹ትንሽ ብቻ› እንል የለ? ብላ ልጄ፣ በሞቴ!» ሦስተኛም አራተኛም ቀዱለት። እንግዳው ቋንቋው ባይገባውም ነገሩ ገብቶት ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳህኑን በዳቦ ጠራርጎ ስለ መለሰው እኔ የማጥበው አጣሁ።

ሥራ አስኪያጁ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ በመስኮት ኪዮስኩን ሲጠብቁ ዋሉ፤ ብስኩት ሻጩም አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። እንግዳው ግን ክፍሉ ገብቶ አንኮራፋ። ሠላሳዎቹም በሳምንቱ መጡ።

በዚያው በሾርባው ዕለት አመሻሽ ላይ እኔም ሳህኔን ዘርግቼ ትንሽ ብቻ ብዬ ለመንኩ። እትዬ ፊቴን ሳይሆን እጄን አዩ፤ እስከ አፉም ሞሉልኝ።

ስለዚህ ክብር ለአፍ ሳይሆን ለእጅ ለሚታዘዙት፣ የሁሉ አገር ረሃብ አስተርጓሚ ለሆኑት ለእትዬ ጭልፋ ይሁን፤ ድስታቸው አይጉደል፣ ጭልፋቸው አይጠር፣ ሽርጣቸውም ለዓለመ ዓለም አይፈታ፤ አሜን።