ጋሽ ታሪክና የቲያትር ቤታችን ስንጥቅ

አሮጌ ቤት ባለበት ሁሉ፣ ስለ ቤቱ ከቤቱ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ያልጠየቁትን ይነግርዎታል። በሩ ላይ ቆሞ ስለሚነግርዎት ደግሞ ማምለጫ የለም።

የእኛው ጋሽ ታሪክ ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ሥራቸው ጥበቃ ነው። እኔ እዚያው ጽዳት ነኝ። ሰው ፊት ቃል ስለሚጠፋኝ፣ ወለሉን እየጠረግሁ እሳቸውን ስሰማ ኖሬአለሁ።

ቲያትር ቤታችን ትንሽ ናት። መቶ ሃያ ወንበር፣ ከላይ አንዲት ጠባብ ሰገነት፣ የተገለበጠ ጀልባ የሚመስል ጣሪያ። ከሰዓት በኋላ በክቧ መስኮት ብርሃን ሲገባ አቧራው ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ወንበሮቹ የተኙ ይመስለኛል። ያኔ በመጥረጊያዬ ድምፅ ሳላሰማ ነው የምጠርገው።

ክቡር ጋሽ ታሪክ ግን አያስተኟቸውም። “ስሙ እንግዲህ” ብለው ይጀምራሉ። ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ይሄ እንኳ እውነት ነው፤ መድረኩን ስፈትግ ከሳንቃው መሃል እስከ ዛሬ የስንዴ ፍሬ አገኛለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እንጃ። ጣሪያውን የሠራው አናጺ ሰኞ ዕለት መርከብ ሠሪ ነው፣ ሐሙስ ዕለት ፍቅር ያሳበደው ነው። ከሰገነቱ ሥር ያለው የግድግዳ ስንጥቅ ደግሞ በመክፈቻው ቀን በጭብጨባ የመጣ ነው።

“ጋሼ፣ ባለፈው ነጎድጓድ ነው ያሉት አይደል?” አልኳቸው አንድ ቀን።

“ነጎድጓዱም አጨብጭቦ ነዋ።”

ባለፈው ወር ከማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ መጣ። ስንጥቁ እየሰፋ ከሆነ ቤቱ ይፈርሳል ተባለ። ጋሽ ታሪክ ስንጥቁ ጋ ወሰዱት። እዚያ ስንጥቁን አቋርጠው የተለጠፉ አሮጌ የመግቢያ ትኬቶች አሉ። ለካ በየዓመቱ አንድ አንድ በሙጫ የሚለጥፉት እሳቸው ናቸው፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ወረቀቱ ይቀደዳል። ሰባቱ ደህና ናቸው። ስምንተኛው ለሁለት ተቀዷል።

ቆሻሻ መስሎኝ በጥፍሬ ልልጠው ጀምሬ፣ እምቢ ሲለኝ የተውኩት ነው።

“ይሄስ?” አለ መሐንዲሱ።

“እኔ ነኝ ልጄ፤ በክርኔ ነክቼው ነው” አሉ ጋሽ ታሪክ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም።

“አባባ፣ ቅድም በሩ ላይ ቤቱን የሠሩት አያቴ ናቸው አሉኝ፤ ደረጃው ላይ ስንደርስ አጎትዎ ሆኑ። አሁን የቱን ልመን?”

ጋሽ ታሪክ ቆባቸውን አውልቀው መልሰው ደፉ። መሐንዲሱ ሊጽፍ እስክሪብቶውን ሲያወጣ፣ “እኔ ነኝ የቀደድኩት” የሚል ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ነበር። “ቆሻሻ መስሎኝ... በጥፍሬ... ጌታዬ፣ ይዩት።”

ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን በባትሪ አየው። “እውነትም የተፋቀ ነው። ግድግዳው አልነካውም” አለ።

ቤቱ አልፈረሰም።

ከዚያ ወዲህ ጎብኚ ሁሉ የሚሰማው አዲስ ታሪክ አለ። አንዲት ሴት መድረክ ላይ ወጥታ ግማሽ ሰዓት ስትናገር መሐንዲሱ አለቀሰ። ባለፈው ማክሰኞ ንግግሩ አንድ ሰዓት ሞልቷል፤ ከንቲባውም ነበሩበት።

“ሴትዮዋ አሁን የት ናት?” ይሏቸዋል።

“እንደሷ ያለ ሰው ከየት ይገኛል ብላችሁ ነው?” ይላሉ፣ እኔ ከኋላቸው መጥረጊያ ይዤ ቆሜ።

ውሸት ነው ለማለት አሁን አንደበት አላጣም። ግን ዛሬ ደግሞ የት ያደርሱኝ ይሆን እያልኩ፣ ያንኑ አንድ ረድፍ ደጋግሜ እጠርጋለሁ።