ጥራቱ የተቀነሰባት ሙሽራ

ከሁሉ በፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ፊደል ላይም ደካማ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ «ሀ» እና ዘመዶቿም ለእኔ አንድ ሰው ናቸው። የትኛዋ የት እንደምትገባ አስተማሪያችን ደጋግመው አስረድተዋል፤ ግን እሳቸውን ስፈራ የሚሉትን አልሰማሁም። ስህተት ካገኛችሁ በልባችሁ አርማችሁ እለፉ። ፊቴ ቆማችሁ ግን አትንገሩኝ፤ እደነግጣለሁ።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር አለው ይባላል። እኔ የማልፈራውን ብነግራችሁ ይቀለኛል። ስልክ ሲጠራ እፈራለሁ። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለምፈራ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ በእግሬ እመለሳለሁ። ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ካሜራ ነው።

የምሠራው ቪዲዮ ቤት ነው።

ከቡልቡላ ወደ አዳማ ያመጣኝ አጎቴ ዳመነ ነው። ቪዲዮ ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ሠርግ ይቀርጻል፣ ክርስትና ይቀርጻል፣ የድሮ ካሴት ደግሞ ወደ ሲዲ ይገለብጣል። ትክክለኛ ስሙ ዲቪዲ ነው፤ ሰው ግን ክብና የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ሲዲ ነው የሚለው፣ እኔም ከሰው አልለይም። አጎቴ መቅረጹን ይወዳል፣ መገልበጡን አይወድም። ስለዚህ መገልበጡ የእኔ ሆነ። በጨለማ ክፍል ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር ብቻዬን መዋል ለሌላ ሰው ቅጣት ነው፤ ለእኔ ሹመት ነበር።

ደንበኞቻችን ሁሉ ሁለት ነገር ያዛሉ። ጥራቱ አንደኛ እንዲሆን፣ አንድ ሲዲ ላይ እንዲገባ። እነዚህ ሁለት ምኞቶች ተስማምተው አያውቁም። ሲዲ እንደ ጆንያ ነው፤ የሚይዘው የታወቀ ነው። የኛ አገር ሠርግ ደግሞ አያልቅም። ቆርጠን አናሳጥረው ነገር፣ ሠርግ የተጠራ ሰው ሁሉ ቪዲዮው ላይ መውጣት አለበት። ካልወጣ ይቀየማል። የወለንጪቲ አንድ ሰውዬ ከወንድማቸው ጋር የተኳረፉት በመሬት አይደለም፤ የወንድማቸው ልጅ ሠርግ ላይ ጀርባቸው ብቻ በመታየቱ ነው። ስለዚህ የሚቀረው መጭመቅ ነው።

መጭመቅ ስል እንደ ሎሚ አይምሰላችሁ። ኮምፒውተሩ የሚሠራው እንደ ጎረቤታችን ነው። ጎረቤታችን ከአንድ ቤት ወሬ ስታመጣ ሶፋውንና መጋረጃውን በየቀኑ አትተርክልንም፤ አንዴ ነግራናለች። በየቀኑ የምትነግረን የተለወጠውን ብቻ ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን አኮረፈ። ምስል ሲጨመቅም እንዲሁ ነው። ያልተንቀሳቀሰው አንዴ ይጻፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጻፈው የተንቀሳቀሰው ነው። ስለዚህ ትከሻውን የሚነቀንቅ፣ የሚዘል፣ አበባ የሚበትን ሰው ሲዲውን ይበላዋል። ድርሻው ካነሰው ደግሞ ፊቱ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆንና የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ የለጠፉበት ይመስላል። ጥግ ይዞ የተቀመጠ ሰው ግን ቦታ ሳይፈጅ ጥርት ብሎ ይወጣል። ይህን ባወቅኩ ቀን ደስታዬን አልቻልኩም። ዝም ብሎ መቀመጥ ጥቅም እንዳለው የነገረኝ የመጀመሪያው ፍጡር ኮምፒውተር ነው።

ፕሮግራማችን ደግሞ ብልሃተኛ ነው፤ አንዱን ሠርግ ሁለት ጊዜ ያየዋል። በመጀመሪያው ምንም አይጽፍም፣ ግርግሩ የት እንደሆነ ብቻ ይለያል። በሁለተኛው ለግርግሩ ብዙ፣ ለጸጥታው ትንሽ እያደለ ይጽፋል። አጎቴ ለቅሶ ቤት ሲገባ በር ላይ ቆሞ የት ቢቀመጥ እንደሚሻለው የሚቃኘው ዓይነት ነው። ይህን የሚታደለውን ነገር ባለሙያዎቹ ቢትሬት ይሉታል። እኔ ድርሻ እለዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ጋሽ ገመቹ አንድ ቀን ካሴት ይዘው መጡ። (ስማቸው ይህ አይደለም፤ እውነተኛውን መጻፍ ፈራሁ።) ከሞጆ ጅቡቲ ሲመላለሱ የኖሩ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፣ ድምፃቸው ከመኪናቸው ጥሩንባ አይተናነስም። ካሴቱ እሳቸውና እትዬ ወይንሸት የተጋቡበት ነው። ልጆቻቸው ሃያ አምስተኛ ዓመታቸውን ሊያከብሩላቸው ነው፤ ፕሮጀክተር ተከራይተው፣ ግቢያቸው ውስጥ ትልቅ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው፣ ሠርጉን ለዘመድ አዝማድ ሊያሳዩ። አጎቴ ፍላሽ እንደሚሻል ቢነግራቸው፣ ፍላሽ ኪስ ውስጥ ነው የሚጠፋው፣ ሲዲ ግን ፎቷቸው ተለጥፎበት ቡፌ ላይ ይቆማል አሉ። አንድ መሆን አለበት፤ ሁለት ከሆነ አንዱን ልጆቹ ይጥሉታል።

ካሴት ሲገለበጥ መሮጥ የለም፤ አራት ሰዓት ከሆነ አራት ሰዓት ነው። እኔም አብሬ እቀመጣለሁ፤ ምክንያቱም የድሮ ካሴት በየትኛው ደቂቃ ማጫወቻው ውስጥ እንደሚተበተብ አይታወቅም። መብራትም እንዳይሄድ እፈራለሁ። በዚያ ዓይነት ፍርሃት ነው ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት የምትወጣበት ላይ የደረስኩት።

ሙሽራዋ የቆርቆሮው በር ጋ ስትደርስ ትቆማለች። የበሩን ብረት በአንድ እጇ ትይዛለች። እናቷ ጠጋ ይሏታል። ቀራጩ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር መሰለኝ፣ የሁለቱን ፊት አቅርቦ እጁን ሳያነቃንቅ ይጠብቃል። ዘፈኑ ድምፅዋን ይውጠዋል። ከንፈሯ ግን ይታያል። ብዙ የማይናገር ሰው የሰው አፍ እያየ ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ አነበብኩት።

«እማዬ፣ አትስጪኝ» ነው ያለችው።

ለአጎቴ አልነገርኩም። ማንም ያላየውን ነገር ማየት እኔ ላይ እዳ እንደሚሆን ከድሮም አውቃለሁ።

በማግስቱ አጎቴ ለምሳ እንደወጣ እትዬ ወይንሸት ራሳቸው መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ ሴትዮ ናቸው። ወንበር ሳቡና ከእኔ እኩል ፈርተው ተቀመጡ። እኔን የሚፈራ ሰው አይቼ ስለማላውቅ የባሰ ፈራሁ።

«አይተሽዋል?» አሉኝ።

ጭንቅላቴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«ሁለት ጊዜ ብቻ ያየሁት ሰው ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ ፈራሁ።» ነጠላቸውን አጠበቁ። «አሁን ያን ሰው ቢወስዱብኝ እሞታለሁ። እንዲህ ማለቴን ገመቹ አያውቅም። በዚያች ትንሽ ቴሌቪዥን ከንፈር አይለይም ነበር። አሁን ግን የግድግዳ ያህል አድርገው፣ ልጆቼ ፊት፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ… »

ሊያስቆርጡት ፈልገው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሳቅ አሉ። ሙሽራ ከቤቷ የማትወጣበት ሠርግ የት አየሽ አሉኝ። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እሱን ነው፤ ከተቆረጠ ለምን ተቆረጠ ይባላል፣ ገመቹ ራሱ ይጠይቃል።

«አትቁረጪው። አበላሺልኝ።»

እዚያ ቤት «አሳምሩልኝ» ያላለ ሰው ገብቶ አያውቅም። አፍንጫዬን አሳጥሩልኝ ያለች አለች፤ አማቴን ከፎቶው አውጡልኝ ያለም አለ። አበላሺልኝ ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። እናታቸው አጠገባቸው እንደቆሙ አስታወስኩና፣ የእሳቸውም ፊት አብሮ እንደሚበላሽ በቀስታ ነገርኳቸው። እናታቸው በሕይወት እንደሌሉ ጋሽ ገመቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በዚያ ሁሉ ሠርግ ፊታቸው በቅጡ የሚታየውም በሩ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው ቦታ ላይ ሲያስተናግዱ ነው የዋሉት።

እትዬ ወይንሸት የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉ፣ መልሰው ፈቱ።

«እናቴ አይደለች? ለምን እንደሆነ ይገባታል» አሉኝ በመጨረሻ።

አሁን ፍርሃቴ ሁለት ሆነ። ካላበላሸሁት የእሳቸው ነገር ሰው ፊት ይወጣል። ካበላሸሁት ደግሞ አጎቴ የቤቱን ስም አጠፋሽ ብሎ ወደ ቡልቡላ ይመልሰኛል። ለማንኛውም ያቺን ቦታ ለብቻዋ ለይቼ ድርሻዋን ቀነስኩት። ፊቷ ጥርት ብሎ ወጣ። እንደገና ቀነስኩት። አሁንም ከንፈሯ ይነበባል። ያን ያህል ደስ ያሰኘኝ ሕግ ጠላት ሆነብኝ፤ ልጅቷ ከፍርሃት የተነሳ ደርቃ ስለቆመች ኮምፒውተሩ በትንሽ ድርሻ አሳምሮ ይጽፋታል። ከአራቱ ሰዓት ሁሉ እንደሷ የጠራ ምስል አልነበረም። መጨረሻ ላይ ምስሉን እስኪጠብ አሳንሼ፣ መልሼ ለጠጥኩትና የመጨረሻዋን ድርሻ ቀማሁት። ያን ጊዜ ፊቷ ተሰባበረ። የእናቷም። ከዚያ የቀማሁትን ሁሉ ለጨፋሪዎቹ ሰጠሁ።

የበዓሉ ዕለት ግቢው ሞላ። አጎቴ የፊት ወንበር ተሰጠው። እኔ ከሮቶው ጀርባ ቆሜ፣ በአንድ ዓይኔ ጨርቁን፣ በአንድ ዓይኔ መውጫውን አያለሁ። ጨፋሪዎቹ እንደ ዛሬ የተቀረጹ መስለው ሲወጡ ሰው አጨበጨበ፤ ዘመዱ ሁሉ ራሱን እያሳየ ተሳሳቀ፣ አንዷ አክስት ያኔም ወፍራም እንደነበሩ ተነገራቸው። ከዚያ በሩ መጣ። የሙሽራዋ ፊት ሴራሚክ ሆነ። ሰው አጉረመረመ። አንዱ «የዳመነ ሥራ እንግዲህ» አለ። የአጎቴ ጆሮ ከኋላ ሲቀላ ታየኝ።

ጋሽ ገመቹ በዚያ ጥሩንባ ድምፃቸው «ምን ይደረግ፣ ካሴትም እንደኛ ያረጃል» አሉና ሳቁ። ጌታው ሲስቅ እንግዳውም ሳቀ። እትዬ ወይንሸት የሚስቁ አስመስለው ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ስንወጣ በር ላይ እጄን ጨበጥ አድርገው ያዙኝ።

አጎቴ ሳምንቱን ሙሉ ተቆጣኝ። ካሴቱ አርጅቶ ነው አልኩት። ቡልቡላ ግን አልተመለስኩም፤ መገልበጡን ማን ይሠራለታል?

እስከዚህ ያለውን እትዬ ወይንሸትም ያውቁታል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን ለማንም አልነገርኩም።

ከበዓሉ በፊት በነበረው ቀን ሲዲውን ሊወስዱ የመጡት ጋሽ ገመቹ ብቻቸውን ነበር። አጎቴ ለቀረጻ ወጥቷል። በሩ ላይ ያለውን ቦታ አሳዪኝ አሉኝ። ሌላ ምንም ሳይሆን፣ በሩን። ሚስታቸው እኔ ጋ መምጣታቸውን ሰምተዋል፣ አለቀልኝ አልኩ። ከፈትኩላቸው። የተሰባበረውን ፊት ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው አዩት፤ መልሰው አዩት።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

እኔ ነኝ ማለቴን እንጃ። አፌ ተንቀሳቅሷል። ጩኸታቸውን ስጠብቅ፣ ያ ድምፅ ሞተሩ እንደጠፋ መኪና ዝም አለ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ካሜራው ወደ እሷ ስለዞረ አልታይም እንጂ እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ከበሩ ጎን፣ ከቀራጩ ይልቅ ለእሷ ቀርቤ። ያለችውን ሰምቻታለሁ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

«የመጣሁት ይቺን ቦታ አበላሺልኝ ብዬ ልለምንሽ ነበር። እንዴት አድርጌ እንደምጀምር ከሞጆ ጀምሮ ሳስብ ነው የመጣሁት። እንደሰማሁ አታውቅም። እንዳትነግሪያት።»

እንግዲህ ይኸው ነው። እትዬ ወይንሸት ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ቀስ ብለው «አልነገርሽውም አይደል?» ይሉኛል። ጋሽ ገመቹ መኪናቸውን ዳር ያቆሙና «አልነገርሻትም አይደል?» ይሉኛል። ለሁለቱም አልነገርኩም እላለሁ። ለሁለቱም እውነቴን ነው። አንድ ቀን ሁለቱ አብረው መንገድ ላይ ያገኙኛል ብዬ ስለምፈራ የሚሄዱበትን ሰዓት አጥንቼ ነው የምወጣው።

ደግሞ አሁን ጻፍኩት። ስለዚህ «ለማንም አልነገርኩም» ካልኩበት ወዲህ ያለው ጽሑፍ ካልተነበበላችሁ በእጅ ጽሑፌ አትፍረዱ። ከላይ ያለው አለመቻል ነው። ይሄኛውን ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት።