የናንዶ ግራ ጉንጭ

ሥዕል በሚታደስበት ቤት ሁሉ፣ ሌላው ብሩሹን ሲያዘጋጅ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚቆም አንድ ሰው አይጠፋም። አይጀምር፣ አያስጀምር፤ ያያል። ትናንት አይቶ ነበር፣ ዛሬም ያያል፤ ነገ ደግሞ ሸራውን ገልብጦ ጀርባውን ያያል።

ፍሎረንስ ውስጥ፣ ከአርኖ ወንዝ ማዶ ባለችው ጠባብ የእድሳት ቤት፣ ይህ ማዕረግ የክብርት ሲኞራ ኤርሲሊያ ነበር። ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። አንድም ሥዕል በእሳቸው ዓይን ሳያልፍ መድኃኒት አይነካውም። መጀመሪያ በመስኮት ብርሃን ያዩታል። ቀጥሎ መብራቱን ከጎን ያስጠጉና ያበጠው ቀለም ጥላ ሲጥል ያዩታል። ከዚያ በአጉሊ መነጽር፤ በመጨረሻም ክፍሉን አጨልመው፣ በቀለሙ ላይ የተቀባው አሮጌ ማብረቂያ፣ ቫርኒሹ፣ አረንጓዴ በሚያበራበት ሐምራዊ መብራት። ይህ ሁሉ አልቆ ቱሊዮ "እንግዲህ እንጀምር?" ሲላቸው፣ "ገና አላየነውም" ይሉታል።

ቱሊዮ የጎደለ ቀለም የሚሞላው ባለሙያ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ትዕግሥቱ አጭር። አሥራ አንድ ዓመት አብሯቸው ሲሠራ፣ ሴትዮዋ ከሥራ ውጭም ያው መሆናቸውን ደርሶበታል። ገበያ ወጥተው ሐብሐብ አንስተው፣ አገላብጠው፣ አንኳኩተው፣ ቂጡን አሽትተው መልሰው ሲያስቀምጡ፣ ሻጩ "ሲኞራ፣ ሊበሉት ነው ወይስ ሊድሩት?" ብሏቸዋል። ቱሊዮ እጮኛውን ሊያስተዋውቃቸው ያመጣት ቀን ደግሞ፣ ልጅቷን ወደ መስኮቱ አዙረው ከጎን በኩል ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። "መልካም ይዞታ ላይ ናት" አሉት በመጨረሻ። "ጥቂት የቆየ ጭረት አላት፤ ግን ሸራዋ ጤነኛ ነው።" እጮኛው አንድ ሳምንት አኮረፈችው።

አንድ ዓመት በመጋቢት፣ ኖርማ የምትባል የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ከጄኖቫ መጣች። እናቷ በብርዱ ወራት ሞታለች፤ ቤቱ ሊሸጥ ነው። ከዕቃው ሁሉ ለራሷ ያስቀረችው የወንድሟን የናንዶን ሥዕል ብቻ ነው። ናንዶ በዘጠኝ ዓመቱ በጉሮሮ በሽታ የሞተ ልጅ ነው። ሥዕሉ ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል፤ ግራ ጉንጩ ላይ ግን ቀለሙ አልቆ የሸራው ክር ይታያል።

"ይሄማ ቀላል ነው" አላት ቱሊዮ። "የቤት ሠራተኛ እንደ ድሮው ልማድ በተቆረጠ ድንች ስትጠርገው ፍቃው ይሆናል። በዘጠኝ ቀን ውሰጂው።"

በዘጠነኛው ቀን ኖርማ የባቡር ትኬቷን ይዛ ስትመጣ፣ ናንዶ እንደነበረ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ቱሊዮ ለጉንጩ የሚሆነውን ቀለም ሦስቴ በጥብጦ ሦስቴ ደርቆበታል።

"እስቲ እርስዎ ያስረዷት" አለ ወደ ኤርሲሊያ ዞሮ። "እኔ እፍረቱን አልችልም።"

ኤርሲሊያ ግን ይቅርታም አልጠየቁም። "ሥዕሉ የት ነበር የተሰቀለው?" አሉ።

"እናቴ መኝታ ቤት፣ አልጋዋ አጠገብ። ዝቅ ብሎ። ለምን እንደዚያ እንዳወረደችው አላውቅም።"

"እናትዎ በቀኝ እጃቸው ነበር የሚሠሩት?"

"አዎ። ምነው?"

ኤርሲሊያ መብራቱን ከጎን አበሩ። "ይኸውልዎት። እርጥበት ቢሆን ዙሪያው ይነሳ ነበር፤ አልተነሳም። ሰው ቢጠርገው ፊቱን በሙሉ ይዳስስ ነበር፤ ሌላው ቦታ ቫርኒሹ ደህና ነው። ያለቀው እዚህ ብቻ ነው፤ የአውራ ጣት ስፋት፣ ከላይ ወደ ታች። ክፈፉንም ይዩት፤ የወርቅ ቅቡ የለቀቀው እዚህ ጋ ነው፣ ግራ እጅ በሚይዝበት።" አውራ ጣታቸውን፣ ሥዕሉን ሳያስነኩ፣ በጉንጩ ላይ ከላይ ወደ ታች አሳለፉ። "ይሄ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ይሆናል። በየቀኑ ይመስለኛል።"

ኖርማ ዓይኗን ከሥዕሉ አልነቀለችም። "ተሳስተዋል" አለች። "እናቴ አይደለችም። እናቴ ቀብሩ ላይ እንኳ አላለቀሰችም። ከዚያ ቀን በኋላ ስሙን ጠርታ አታውቅም፤ እኔ ስጠራ ተነስታ ትወጣ ነበር።"

"ወዴት ነበር የሚወጡት?"

ኖርማ ወርቁ የለቀቀበትን የክፈፉን ጠርዝ አየች። "መኝታ ቤቷ" አለች። "በሩን ዘግታ። እኔን መሸሿ ነበር የመሰለኝ።"

ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ለማንም ሳይሆን ማውራት ጀመረች። በሃያ ዓመቷ ከቤት የወጣችው እንዲህ ካለች ልበ ድንጋይ ጋር አልኖርም ብላ ነው። ለገና ካርድ ትልክ ነበር፤ ከዚያ የዘለለ ነገር የለም። ጎረቤት ታማለች ብሎ ሲጽፍላት፣ ሥራ አለብኝ ብላ ቀረች። የደረሰችው ለእናቷ ቀብር ነው።

"እኔም አላለቀስኩም" አለች። "እልህ ይዞኝ። እሷ ለእሱ አላለቀሰችም ብዬ።"

ቱሊዮ ቀለም የያዘበትን ሳህን ከጀርባው ደብቆ ቆሟል። እንደ ልማዱ ቢቸኩል ኖሮ በአንደኛው ቀን ጠዋት፣ ከምሳ በፊት፣ ያንን ጉንጭ አሳምሮ ሞልቶት ነበር፤ ማንም ሳያውቅ።

"ሲኞራ ኖርማ" አላት፣ "ምን እናድርገው?"

"አቧራውን ጥረጉት። ጉንጩን አትንኩት።"

ኤርሲሊያ መብራቱን አጥፍተው የመስኮቱን መጋረጃ ከፈቱ፤ የቱሊዮን ክንድ ይዘው ወደ ኮሪደሩ አወጡትና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ። ባለቤትን ከሥዕል ጋር ብቻውን ጥሎ መውጣት በዚያ ቤት ተደርጎ አያውቅም።

"ትነካዋለች እኮ" አለ ቱሊዮ በሹክሹክታ።

"ትንካው።"

ኮሪደሩ ውስጥ የነበረው አንድ በርጩማ ነው። ቱሊዮ ለእሳቸው አቀረበላቸው፤ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ሲጠርጉ፣ ዓይናቸው ምን ያህል ደክሞ እንደቀላ ያን ቀን ገና አየ። ከውስጥ የለቅሶ ድምፅ ሲሰማ ሁለቱም አቀረቀሩ። የጄኖቫ ባቡር የሚነሳበት ሰዓት አለፈ፤ ማናቸውም በሩን አላንኳኩም።