ምትክ ያልተገኘለት ባሕር

ትናንት ከምሳ በኋላ መምህር ወንድይፍራው ሕልም አየ። የሌሊት ሕልም ደንብ ነው፣ ለፈቺ ይነገራል። የቀትር ሕልም ግን ባለቤቱንም ያሳፍረዋል፤ ምክንያቱም እንቅልፉ ራሱ የተሰረቀ ነው። ደግነቱ ቀኑ ቅዳሜ ስለነበር የሰረቀው ከራሱ ነው። ቤቱ ተቀምጦ የዘጠነኛ ክፍልን የጂኦግራፊ ፈተና ያርም ነበር። “ባሕር በር የሌላት አገር በምን ትቸገራለች?” ለሚለው ጥያቄ አንዱ ተማሪ “በዋና” ብሎ መልሷል። መምህሩ ግማሽ ነጥብ ልስጠው ወይስ ልከልክለው እያለ ሲያመነታ፣ ወረቀቱ ላይ ድፍት አለ።

ወደ ሕልሙ ከመግባታችን በፊት ሰውየውን እንወቀው። ወንድይፍራው ውርጭ አምባ በምትባል ደጋ ከተማ ሲያስተምር አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሚስቱ የሺመቤትም እንደ እሱ የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ የምታስተምረው ግን ሽመል ሜዳ በሚባል የጠረፍ ቆላ ነው። ኮሌጅ ተዋወቁ፣ ተጋቡ፤ ምደባ ሲመጣ እሱን ለብርድ፣ እሷን ለወባ ሰጧቸው። በመካከላቸው የሁለት ቀን ተኩል የአውቶብስ መንገድ አለ። ልጃቸው ማኅደር ስምንት ዓመቷ ነው፤ አባቷን የምታየው ትምህርት ሲዘጋ ብቻ ስለሆነ፣ ሌሎች ልጆች “አባዬ መጣ” ሲሉ እሷ “ክረምት መጣ” ትላለች።

በየዓመቱ ወንድይፍራው የዝውውር ፎርም ይሞላል። በየዓመቱም አንድ ዓይነት መልስ ይመጣለታል፤ “ምትክ ስላልተገኘ።” ደንቡ እንዲህ ነው፤ አንድ መምህር ከቦታው የሚለቀቀው፣ ቦታውን የሚሸፍን ሌላ መምህር ሲገኝ ነው። ውርጭ አምባን ደግሞ ማን ፈልጎ ይመጣል? ጠዋት ጠዋት የፊት መታጠቢያ ውኃ በድንጋይ የሚሰበርበት ከተማ ነው። የዘንድሮው ውጤት በዚህ ሳምንት ይለጠፋል ስለተባለ ሰውየው እህል አልወርድ ብሎት ነበር የሰነበተው። እንቅልፉም ቢሆን የሳምንት ዕዳ ነው። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም እንዲሉ፣ ተኛ።

በሕልሙ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሲወጣ ከከተማዋ ጀርባ ያለው ተራራ የለም። ቦታው ባዶ ነው፤ ነፋስ ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል።

“ተራራው የት ሄደ?” ብሎ ዘበኛውን ጠየቀው።

“ዓመት ፈቃድ ወጣ ጋሼ። ቆላ ወርዷል። ብርዱ ጉልበቱን ቆረጣጥሞት ነበር።”

“መቼ ይመለሳል?”

“ከቆላ ማን ተመልሶ ያውቃል?” አለ ዘበኛው፤ እሱም ሻንጣውን ማሰር ጀመረ።

ወንድይፍራውን ተራራው ፈቃድ ማግኘቱ ትንሽ አስቀናው። እየተከዘ ወደ ዋናው መንገድ ሲወርድ፣ ዓይን የማይጨርሰው ሰልፍ አጋጠመው። የተሰለፉት ሁሉ ካራቫት ያሰሩ፣ ዶሴ በብብታቸው የሸጎጡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ናቸው። ሰልፉን ተከትሎ ቢሄድ ቢሄድ፣ ጎመን ቸርቻሪዋ እትዬ ጥሩወርቅ ደጃፍ ደረሰ። እትዬ ጥሩወርቅ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች። ፊት ለፊቷ አንድ ወፍራም ኃላፊ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል።

“እትዬ፣ በእመቤታችን፣ መንገዱን እንሥራልዎ። ፈቃድዎን ብቻ ነው የምንለምነው። ሦስት ወር ተመላለስኩ።”

“ስብሰባ ላይ ነኝ።”

“ከማን ጋር?”

“ከአተሩ ጋር ነዋ። አታይም? ነገ ተመለስ። ነገ ከሌለሁ መስክ ወጥቻለሁ ማለት ነው።”

ወንድይፍራው በሆዱ “እሰይ!” አለ። ወዲያው ግን የኃላፊውን ጫማ አየ። ከመመላለሱ ብዛት ተረከዙ በአንድ ወገን ተበልቶ አልቋል። አዘነለት። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱን ሕልም እንኳን አልገለበጠውም።

ጥቂት አለፍ ብሎ ምክር ቤቱ ነበር። የሕዝብ እንደራሴዎቹ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ለከተማው ውኃ ያመላልሳሉ። አዳራሹ ውስጥ አህዮች በመደዳ ተቀምጠዋል፤ በጣም ጨዋ ናቸው፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ጆሮውን ያዘነብላል። አፈ ጉባኤዋ ጠና ያለች ቦራ አህያ ናት።

“የምትደግፉ?” አለች። ማንም እጁን አላወጣም።

“የምትቃወሙ?” ማንም አላወጣም።

“ድምፀ ተዓቅቦ?” አሁንም ማንም።

አህያ ምን እጅ አለውና! በዚህ የተነሣ በዚያ አገር አርባ ዓመት ሙሉ አንድም አዲስ ሕግ አልጸደቀም፤ አገሩም በደህና ውሎ በደህና ያድራል። ወንድይፍራው የዝውውሩ ደንብ ይሻሻልልኝ ብሎ አቤቱታ ሊያቀርብ አስቦ ነበር። ይህን ሲያይ ተስፋ ቆርጦ ወጣ።

ውጭ ገበያ ነው። እዚያም ሰሊጥ፣ ሰዎችን እየለቀመ በየደረጃው ይመድባል። ፍሬዎቹ ወንፊት ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ሰው ይመጣል፣ ይነፈሳል፣ ይበጠራል፣ ይታያል። “ይሄ አንደኛ ደረጃ፣ ወደ ውጭ ይላክ። ይሄም ወደ ውጭ። ይቺ ልጅ ንጹሕ ናት፣ ወደ ውጭ።” የወንድይፍራው ተራ ሲደርስ ወንፊቱ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አነጠሩት።

“ትንሽ ብርድ መቶታል። ለአገር ውስጥ ፍጆታ ይቅር።”

“እሰየው!” አለ ወንድይፍራው፣ ደስታው ከልቡ ነበር። “አገር ውስጥ ከሆነማ ሽመል ሜዳ ላኩኝ! ሚስቴ እዚያ ናት።”

“ለአገር ውስጥ መኪና የለንም” አለች አንዲት ነጭ ሰሊጥ። “መኪናዎቹ ሁሉ ወደብ ሄደዋል። ያንን በር ሞክር።”

በሩን ከፍቶ ገባ። ያን ጊዜ ራሱን ከመስኮት ወዲያ ማዶ አገኘው። ዕድሜ ልኩን ከውጭ ሆኖ አንገቱን ያሰገገባት መስኮት ናት፤ አሁን እሱ ከውስጥ ነው። ወንበሩ ይሽከረከራል። ጠረጴዛው ላይ ማኅተም ተቀምጧል። ከላይ “የዝውውር ጉዳይ” የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላልና፣ መጀመሪያ ከኪሱ የራሱን ፎርም አወጣና ማኅተሙን ሰንዝሮ መታበት። ቀለም የለውም። እፍ ብሎ ደገመው፤ የለውም። ደንቆሮ ማኅተም ነው፣ የባለቤቱን ስም ሲያይ ይደርቃል።

“ቀጣይ!” አለ። ድምፁ የራሱ ቢሆንም ለጆሮው ባዕድ ሆነበት።

ቀጣዩ ባሕር ነበር።

ሙሉ ባሕር። ሽማግሌ ነው፣ ካፖርቱን ጨው አንጥቶታል፤ ሲተነፍስ ወደፊት መጣ ይልና መልሶ ወደ ኋላ ይሸሻል። ዶሴውን እንዳይረጥብበት በፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፎታል። ከኋላው የቆሙት ኃላፊዎች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበዋል።

“ምን ነበር አባት?”

“ዝውውር ነው ልጄ። ወደዚህ ወደ እናንተ አገር።”

“ምክንያቱ?”

“የትዳር።”

የወንድይፍራው ብዕር ከእጁ ወደቀች።

“ባለቤቴ እዚህ ናት” አለ ባሕር። “አዋሽ ይሏታል። ወደ እኔ ልትመጣ ከደጋ ትነሣለች። መንገድ ላይ ግን አገዳው አጠጪኝ ይላታል፣ ጥጡ አጠጪኝ ይላታል፣ ግመሉ አጠጪኝ ይላታል። እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። በረሃው መጨረሻ ስትደርስ እሷ ራሷ ታልቃለች። እኔ እሰማታለሁ እኮ። መጣች፣ መጣች እላለሁ፤ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ዝም ትላለች። አሁን እኔ ልምጣላት ብዬ ነው። እሷ ደከማት።”

ወንድይፍራው “አባቴ፣ ሕመምዎ ሕመሜ ነው” ሊል አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

“የጋብቻ ምስክር ወረቀት አለ?”

“ተገናኝተን መች እናውቅና?”

“እንግዲያው ምስክር ያስፈልጋል።”

“ጨረቃ ታውቃለች።”

“ጨረቃ የታደሰ መታወቂያ አላት?”

“ኧረ በየወሩ ታድሳለች።”

“ምትክስ?” አለ ወንድይፍራው። አፉን በእጁ ሊይዘው ሞከረ፣ አፉ ግን በጣቶቹ መካከል ቀጠለ። “እርስዎ ሲለቁ ቦታዎን ማን ይሸፍናል? ምትክ ካልተገኘ መልቀቅ አይቻልም።”

ባሕር ግራ ተጋብቶ እጆቹን ተመለከተ። “እኔን... ማን ይተካኛል ልጄ?”

“ነገ ይመለሱ።”

ሽማግሌው አልተቆጣም። ዶሴውን መልሶ በፌስታሉ ጠቀለለ፣ ቋጠሮውን በጥርሱ አጠበቀ። “እሺ፣ ነገ እመጣለሁ” አለና ዞሮ መሄድ ጀመረ። ወንድይፍራው ያንን ጀርባ ያውቀዋል። ትከሻው እንደዚያ ወርዶ፣ ፊቱን ሰው እንዳያይበት እንደዚያ አቀርቅሮ፣ እሱ ራሱ አሥራ አንድ ጊዜ ከእንዲህ ዓይነት መስኮት ተመልሷል። እንባው መጣ። ሊነሣ ቢል ወንበሩ ቀበቶውን ይዞ አልለቅም አለው። ታገለው። በመጨረሻ ቀበቶውን ለወንበሩ ትቶለት፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ግማሽ አካሉን በመስኮቱ አወጣ።

“አባት! ይመለሱ! ምትክ አያስፈልግም! ወደ ሚስቱ ለሚሄድ ሰው ምን ምትክ ያስፈልገዋል?”

ባሕር ተመለሰ። ዶሴው ከፌስታሉ ሲወጣ ረጥቦ ቀለም አልይዝ ስላለ ወንድይፍራው ማኅተሙን ግንባሩ ላይ መታለት። ጉልህ ሆኖ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ነበር! ባሕር በደስታ ብዛት መንገዱን ስቶ ሁለት ቀበሌ አረጠበ። ኃላፊዎቹ ካራቫታቸውን ፈትተው ተከተሉት፣ አህዮቹ ስብሰባቸውን ረግጠው ወጡ፣ እትዬ ጥሩወርቅም አተሯን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሮጠች። በረሃው ጠርዝ ላይ አዋሽ አሸዋ ተንተርሳ ተኝታለች፤ ቀጥናለች፣ ትንፋሿ ብቻ ቀርቷል። ባሕር ተንበረከከ።

“መጣህ?” አለችው፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

“መጣሁ።”

“ጨው ጨው ትላለህ።”

“አንቺስ ጭቃ ጭቃ ትዪ የለ።”

እልልታው ቀለጠ። በረሃው ከዳር እስከ ዳር ውኃ ሆነ። ወንድይፍራው ማዶውን ሲመለከት ሽመል ሜዳ እዚያው፣ በድምፅ ርቀት፣ ቁጭ ብላለች። የሺመቤት ዳር ላይ ቆማ እጇን ታውለበልባለች፤ ማኅደር ጫማዋን አውልቃ ትዘላለች። ሱሪውን ሰብስቦ ወደ ውኃው ገባ። ለብ ያለ ነበር። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደርሶ ሁለተኛ እግሩን ሲያነሣ፣

“መምህር! ኧረ መምህር ወንድይፍራው!”

በሩ ይደበደባል። ከወረቀቱ ላይ ቀና አለ፤ ጉንጩ ላይ የቀይ እስክሪብቶ መስመር ተጋድሟል። ከፍቶ ቢያይ፣ ለውርጭ አምባ ገና አራት ወሩ የሆነው ርዕሰ መምህር አቶ ጎሹ፣ ወረቀት በእጁ ይዞ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

“እስከ ሰኞ ልታገሥ ብል አላስችል አለኝ። ዝውውሩ ወጣ! ሽመል ሜዳ! ተፈቀደልህ!”

ወንድይፍራው አለቃውን ከመሬት አንሥቶ አቀፈው። አለቀሰ፣ ሳቀ፣ መልሶ አለቀሰ። እግሩን ቢያየው ደረቅ ነው፣ ሕልሙም አብቅቷል፤ ይህኛው ግን እውነት ነው።

“ምትክ ተገኘ ማለት ነው?”

“ተገኘ እንጂ! እዚያው ከሽመል ሜዳ አንዲት የጂኦግራፊ መምህርት ተገኘች። ውርጭ አምባን አንደኛ ምርጫዬ ብላ፣ በገዛ ፈቃዷ ሞልታ! በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። እሷ ወደዚህ፣ አንተ ወደዚያ፤ ኮሚቴው ‘እንከን የለሽ ቅያሬ’ ብሎ አጨብጭቧል አሉ። ደብዳቤው ወጪ ሆኗል፣ ለሦስት ዓመት መሰረዝም እንደገና መዛወርም የለም። ቤቱንም ለእሷ ታስረክባለህ።”

የወንድይፍራው እጅ ከአቶ ጎሹ ትከሻ ላይ ወረደ። “ስሟ... ማን ይላል?”

አቶ ጎሹ መነጽሩን ፍለጋ ኪሱን መዳበስ ጀመረ። የወንድይፍራው ስልክ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ገና አንሥቶ “ሃሎ” ሳይል የሚስቱ እልልታ ተሰማ።

“ወንድዬ! ሳልነግርህ ነው የሞላሁት፣ ላስደንቅህ ብዬ! የአንተው ነገር ተስፋ ሲያስቆርጠኝ፣ እስቲ እኔ ልሞክር አልኩ። ተፈቀደልኝ! የቤቱንም ዕቃ ሸጥኩት! ትሰማኛለህ?”

“የሺዬ...” አለ።

ማኅደር ስልኩን ከእናቷ እጅ ነጠቀች።

“አባዬ! ሹራብ ተገዛልኝ! ሰኞ እንነሣለን፣ ረቡዕ እንደርሳለን። መናኸሪያ ጠብቀን። የትም እንዳትሄድ፣ እሺ?”