ሙሽራዋ ስንት ኦም ናት?

አይናዲስ ትናንት ሕልም አየች፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ በእህቷ ሠርግ ዋዜማ፣ በገዛ ፀጉር ቤቷ ሶፋ ላይ። ከንጋት ጀምራ ስትሠራ እግሯ ዝሎ «አንዴ ጎኔን ላሳርፍ» ያለች ጊዜ ነው። ሕልም እንደ ፈቺው ይባላል፤ ይህንን ግን ማንም ባይፈታው ይሻላል።

በሕልሟ የፀጉር ቤቱን በር ከፍታ ስትገባ ወለሉ ጣሪያ፣ ጣሪያው ወለል ሆኖ ጠበቃት። ሦስቱ የፀጉር ማድረቂያ ካስኮች እግራቸውን አነባብረው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ደንበኞቿ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል፤ የሁሉም ሹሩባ ጫፉ ስፒና ሆኖ ሶኬት ውስጥ ተሰክቷል። ሴቶቹ ጉንጫቸውን ነፍተው እፍ ይላሉ፣ ካስኮቹ ይሞቃሉ።

ጎረቤቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዓይናቸው ፈጦ ከሁሉም የበለጠ ይነፋሉ።

«እትዬ ጥሩዬ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ዋትሽ አልሞላም አሉኝ፣ ልጄ። ትርፍ ሰዓት ነው» አሉና እፍ ማለታቸውን ቀጠሉ።

ይሄኔ የሺን አየቻት። ታናሽ እህቷ የሺእመቤት፣ የነገዋ ሙሽራ፣ ቬሎዋን እንደለበሰች ከሶኬት ተሰክታለች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል፤ ከጆሮዋ ጭስ ቢጤ ይወጣል። አይናዲስ ሮጣ ልትነቅላት ስትል ጠርዙ የተሰነጠቀው ትልቁ ካስክ ተቆጣ።

«እጅሽን ሰብስቢ! እዚህ ሰው የሚነቀለው በሂሳብ ነው። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ይገፋታል፤ ሃያ አምፔር ይሄድባታል። ምን ያህል ትቋቋመዋለች? ሙሽራዋ ስንት ኦም ናት?»

አይናዲስና ፊዚክስ ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ እንደተኳረፉ ናቸው። ዞር ስትል የድሮ የፊዚክስ መምህሯን ጋሽ አንዳርጌን አየች። ቁምጣ ለብሰው፣ ዴስክ ላይ ተቀምጠው፣ አጠገባቸው ካለች ሕፃን ይኮርጃሉ።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይንገሩኝ፤ የቱን ለየቱ ላካፍል?»

«እኔ አላጠናሁም» አሉ እንባቸው እየወረደ። «እናቴ ገበያ ልካኝ ነበር። ቮልቱን ለአምፔሩ መሰለኝ፤ እኔ ነገርኩሽ እንዳትይ ብቻ።»

ሁለት መቶ ሃያን ለሃያ። በጣቷ ልትቆጥር ብትሞክር ጣቶቿ በዙባት፤ እንደገና ጀመረች።

«አሥራ አንድ! አሥራ አንድ ኦም ናት!»

«ትክክል ነው» አለ ካስኩ አዝኖ። «እዚህ ትክክል የመለሰ ይቀጣል። ኃይሏስ ስንት ነው?»

«ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ... አራት ሺህ አራት መቶ ዋት።»

ካስኮቹ እልል አሉ። አንዲት ሴት ብቻዋን ሦስቱንም የምታሞቅ ከሆነ እንዴት ትነቀላለች? አይነቅሏትም።

በዚህ መሃል ግድግዳው ውስጥ የሚያስል ሰው ተሰማ። ሽቦው ነበር።

«እናንተ ሰዎች፣ እኔ ከአሥራ ስድስት አምፔር በላይ አልችልም። አርጅቻለሁ። ከተቃጠልኩ ቤቱንም ልጅቱንም ይዤ ነው የምሄደው።»

ማንም አልሰማውም። አይናዲስ ግን ሰማች። እናታቸው ስትሞት «የሺን አደራ» ያለችው ለማን ሆነና! ነገ የምትዳር ልጅ ዛሬ ዓይኗ እያየ ልትነድ ነው።

ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ? ካስኮቹ እልልታው ላይ ሳሉ የየሺን ስፒና ከሶኬቱ ነቅላ በእጇ ጨበጠች፤ በቦታው የራሷን ሹሩባ ሰካች። ያ ሁሉ የሚመጣው መጀመሪያ በእሷ በኩል አልፎ ወደ እህቷ ይሂድ ብላ ነው። እህትማማች ናቸውና እሷም አሥራ አንድ ኦም ናት፤ ሲደመር ሃያ ሁለት። ሁለት መቶ ሃያ ለሃያ ሁለት፣ አሥር አምፔር! ሽቦው «ተመስገን» ብሎ ማሳሉን አቆመ። የየሺም ፊት መልሶ የሰው ፊት ሆነ።

ምን ያደርጋል፣ ሚዜዎቹ መጡ። «ሙሽራዋን ብቻዋን አንተዋትም! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» እያሉ፣ እየዘፈኑ፣ እያንዳንዳቸው ሹሩባቸውን በየራሳቸው ሶኬት ሰኩ።

«እንደሱ አይደለም!» ብላ ጮኸች አይናዲስ። «ከኋላዬ ተሰለፉ! በየራሳችሁ ስትሰኩ ሽቦው ላይ ሸክሙ ይደመራል!»

እያንዳንዷ ሃያ እየጨመረች አሥር የነበረው ሠላሳ አምፔር ሆነ። ሠላሳው ሃምሳ። ሚዜዎቹ እስክስታ ወረዱ። ሽቦው አሁን አላሳለም፤ አለቀሰ። ግድግዳው ከውስጥ ቀላ፣ የየሺ ቬሎ ጫፉ ጠቆረ። አይናዲስ ሹሩባዋን ከሶኬቱ ልትነቅል ተወራጨች።

«እታለም! እታለም፣ ምን ሆነሽ ነው የምትወራጪው?»

ነቃች። የሺ ነበረች፤ ፀጉሯ ቢጎዲን ተጠቅልሎ፣ ከካስኩ ሥር አንገቷን አውጥታ ትነቀንቃታለች። ፊቷ ደህና ነው፣ ጭስም የለም። አይናዲስ በእፎይታ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ቀና ስትል ሦስቱም ካስኮች ይጮሃሉ። የውሃ ማሞቂያው ይፈላል። አንዷ ሚዜ ጥግ ላይ ቬሎውን በካውያ ትተኩሳለች።

«ሁሉንም በአንድ ጊዜ? መብራቱ እንዴት አልጠፋም?»

«ጠፍቶ ነበር እንጂ» አለች የሺ፤ «ያውም ሁለቴ። አንቺን እንዳንቀሰቅስሽ ብለን የሙሽራው ሚዜ ጋ ደወልን። ወዲያው መጥቶ ያቺን የምትቃጠለውን ፊውዝ ነቅሎ፣ በምትኳ ሚስማር ከተተልን።»

አይናዲስ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች፤ ፈጅቷት ወዲያው አነሳችው።

«አይዞሽ» አለቻት የሺ፣ ራሷን ወደ ካስኩ እየመለሰች። «ከእንግዲህ አይጠፋም።»