ሊቀመንበሩ ያስጠበቀው የፍቺ መመሪያ

ሁሉን ነገር መንግሥት እንዲወስንለት የሚሻ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ላስታ፣ በደርግ ጊዜ፣ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር እንዲህ ያለ ነበር። ጎረቤቶቼ ባልና ሚስት ሊፋቱ ሲሉ ሽማግሌዎቹን አሰናብቶ ጉዳዩን ወደ አውራጃ ላከው። እነሱ መልሱ እስኪመጣ በአንድ ጎጆ ከርመው ታረቁ።

ደብዳቤው ሲደርስ ሚስትየዋ ሊቀመንበሩን «ታርቀናል እኮ!» አለችው።

«መንግሥት ሳያውቅ?» ብሎ ደነገጠ። «መመሪያው ይፋቱ ካለ ዛሬውኑ ትለያያላችሁ። ጋሼ፣ ያንብቡልን!» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

እሱ ማንበብ አይችልም፤ እኔ ግን ያለ አስተማሪ ፊደል የለየሁ፣ ከቄሶቹም ፈጥኜ የማነብ ሰው ነኝ። ወረቀቱ «ይፋቱ» ይላል። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ውሳኔው ለራሳቸው ይተው» ብዬ አነበብሁ። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን አይቶ ተቀበለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደርግ በዘመኑ ሁሉ ከዚያ የተሻለ መመሪያ አላወጣም።